የቦርደርላይን ስብዕና መታወክ ሳይኮቴራፒ፦ የአራት የሕክምና ስልቶች አመክንዮ፣ ማስረጃና የጋራ መሠረት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የቦርደርላይን ስብዕና መታወክ ለረጅም ዘመን «የማይታከም» ተብሎ ሲቆጠር የቆየ የአእምሮ ጤና ችግር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህን አስተያየት የለወጡትን አራት የሳይኮቴራፒ ስልቶች፣ ማለትም ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒን፣ በሜንታላይዜሽን ላይ የተመሠረተ ሕክምናን፣ በትራንስፈረንስ ላይ ያተኮረ ሳይኮቴራፒንና ስኪማ ቴራፒን ያብራራል። አንድ ምናባዊ ክሊኒካዊ ክስተት በማንሳትም እያንዳንዱ ስልት ያንኑ ክስተት እንዴት እንደሚረዳውና እንደሚያክመው ያነጻጽራል። በመጨረሻም ስልቶቹ በንድፈ ሐሳብ ቢራራቁም በአሠራር የሚጋሯቸው ባሕርያት እንዳሏቸው፣ እነዚህም ባሕርያት ልዩ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ጥቂት በሆኑባቸው አገሮች ጭምር ጠቃሚ መነሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያመለክታል።

1. መግቢያ

«ቦርደርላይን» የሚለው ስያሜ የቀድሞ ዘመን መላ ምትን ይዞ የቆየ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ትንተና ባለሙያ አዶልፍ ስተርን ቃሉን የተጠቀሙበት ከኒውሮሲስ የከበደ፣ ነገር ግን ወደ ሳይኮሲስ ያልተሻገረ ችግር ያለባቸውን፣ በሁለቱ ድንበር ላይ የቆሙ የሚመስሉ ታካሚዎችን ለማመልከት ነበር። ኦቶ ከርንበርግ በ1967 ጽንሰ ሐሳቡን እንደ አንድ የስብዕና አደረጃጀት ተነተኑት፤ ጆን ጋንደርሰንና ማርጋሬት ሲንገር በ1975 መለያ ምልክቶቹን አጠናቅረው አቀረቡ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1980 ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ የምርመራ ዓይነት አድርጎ አካተተው። የድንበሩ ሐሳብ ከጊዜ በኋላ ተትቷል፤ ስሙ ግን እንደ ጸና ነው።

የችግሩ ስፋት ቀላል አይደለም። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚሆነው፣ በተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና ከሚገለገሉት ወደ 10 በመቶ በሚጠጉት፣ ተኝተው ከሚታከሙት ደግሞ ወደ 20 በመቶ በሚጠጉት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። የረጅም ጊዜ ክትትል ካደረጉ ጥናቶች መካከል እስከ 10 በመቶ የሚደርሱት ታካሚዎች ራሳቸውን እንዳጠፉ የመዘገቡ አሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ምርመራው በሕክምና ተቋማት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የመሸሻ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል። «አስቸጋሪ»፣ «ሐኪም የሚያታልሉ»፣ «ትኩረት ፈላጊዎች» የሚሉ ቅጽሎች ከምርመራው ጋር ተጣብቀው ኖረዋል። የመተው ፍርሃት የሕመሙ እምብርት በሆነበት ሁኔታ ሐኪሙ ራሱ ሲሸሽ የታካሚውን ፍርሃት እውነት ያደርገዋል። ስለዚህ «ይህ ሕመም ይታከማልን?» የሚለው ጥያቄ ከንድፈ ሐሳብ ክርክር በላይ ነው፤ መልሱ ታካሚው በር ይከፈትለት ወይም ይዘጋበት እንደሆነ ይወስናል።

2. የችግሩ ጠባይና የተለመደው ሕክምና ያልሠራበት ምክንያት

የአሜሪካው መመሪያ ዘጠኝ መለኪያዎችን ይዘረዝራል፤ ምርመራውን ለመስጠት ቢያንስ አምስቱ መሟላት አለባቸው። እነርሱም፦ ከመተው ለማምለጥ የሚደረግ ብርቱ ጥረት፣ ከማምለክ ወደ መናቅ የሚገለባበጥ የሰዎች ግንኙነት፣ የማይረጋ የራስ ማንነት፣ ጎጂ ችኩልነት፣ ተደጋጋሚ ራስን የመጉዳት ወይም ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ በፍጥነት የሚለዋወጥ ስሜት፣ የዘወትር የባዶነት ስሜት፣ ለመግታት የሚያስቸግር ቁጣ፣ እንዲሁም በጭንቀት ጊዜ የሚከሰት አላፊ ጥርጣሬ ወይም ከራስ የመነጠል ስሜት ናቸው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ደግሞ የስብዕና መታወክን በዋናነት በክብደቱ ይለካዋል፤ «የቦርደርላይን ዝንባሌ» የሚለውንም እንደ ተጨማሪ መግለጫ ያስቀምጠዋል።

ስለ መንስኤው በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው አስተያየት ተፈጥሮና አስተዳደግ የሚገናኙበት ነው። በ2021 የታተመ የስዊድን የሕዝብ መዝገብ ጥናት የውርስን ድርሻ 46 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቷል። በልጅነት የደረሰ በደል፣ ቸልተኝነትና የስሜት መገፋት በብዙ ታካሚዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሆኖም በሁሉም ዘንድ ስለማይገኙ ብቸኛ መንስኤ ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም።

የተለመደው ሕክምና በእነዚህ ታካሚዎች ላይ የከሸፈው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ነበር። በአንድ በኩል ተንታኙ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ጥንታዊው የሥነ ልቦና ትንተና የታካሚውን የመተው ፍርሃት ያባብስ ነበር፤ የሐኪሙ ዝምታ እንደ ጥላቻ ይነበባልና። በሌላ በኩል በለውጥ ላይ ብቻ ያተኮረ የባሕርይ ሕክምና «ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚል ወቀሳ ሆኖ ይሰማ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ታካሚው ሕክምናውን አቋርጦ ይሄዳል። ሕመሙ የሚገለጠው በሰዎች ግንኙነት ውስጥ ስለሆነና ሳይኮቴራፒም ራሱ ግንኙነት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ዕቃና ሕመሙ የሚቀሰቀስበት ስፍራ አንድ ናቸው። ከዚህ በታች የሚታዩት አራቱ ስልቶች በሙሉ ለዚህ እንቆቅልሽ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

3. አንድ ምናባዊ ክስተት

ንጽጽሩን ግልጽ ለማድረግ የሚከተለውን ሁኔታ ማሰብ ይጠቅማል። አንዲት የሃያ አራት ዓመት ታካሚ በሳምንት አንድ ቀን ሕክምና ትከታተላለች። በአንዱ ቀጠሮ ቴራፒስቱ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ታካሚዋ ግን አንገቷን ደፍታ ትቆይና «እርስዎም እንደ ሌሎቹ ሰለቹኝ፤ ሲጀመርም አይፈልጉኝም ነበር» ብላ ተነሥታ ትወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ስትመጣ በዚያች ሌሊት ራሷን መጉዳቷን ትናገራለች። ክስተቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የመተው ፍርሃትን፣ የሰው ምስል በቅጽበት መገልበጥን፣ ቁጣንና ራስን መጉዳትን በአንድነት ይዟል። ቴራፒስቱ ከምኑ ይጀምር?

4. አራቱ ስልቶች

4.1 ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ

ይህን ስልት ያዳበሩት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማርሻ ሊነሃን ናቸው። ሊነሃን በወጣትነታቸው ራሳቸው በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር በ2011 በይፋ ተናግረዋል። በእርሳቸው ማብራሪያ መሠረት ሕመሙ የሚፈጠረው በተፈጥሮው ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፣ በኃይል የሚነሣና ዘግይቶ የሚበርድ ሰው፣ ስሜቱን በሚያስተባብል ወይም በሚያጣጥል አካባቢ ውስጥ ሲያድግ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስሜቱን መሰየምም ሆነ ማብረድ አይማርም።

«ዲያሌክቲካል» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን አጣምሮ መያዝን ያመለክታል፤ እነርሱም ታካሚውን አሁን ባለበት ሁኔታ መቀበልና እንዲለወጥ መግፋት ናቸው። ሊነሃን የመቀበሉን ወገን ከዜን ልምምድ፣ የመለወጡን ወገን ከባሕርይ ሳይንስ ወስደዋል። ሕክምናው አራት ክፍሎች አሉት፦ ሳምንታዊ የግል ሕክምና፣ ሳምንታዊ የክህሎት ሥልጠና በቡድን፣ በችግር ሰዓት በስልክ የሚሰጥ ምክር፣ እንዲሁም ቴራፒስቶቹ ራሳቸው የሚመካከሩበት ጉባኤ። በሥልጠናው የሚሰጡት ክህሎቶች ደግሞ በአሁኑ ቅጽበት ላይ በንቃት መቆየት፣ ጭንቀትን ችሎ ማሳለፍ፣ ስሜትን መግራትና በሰዎች መካከል ተሰሚ መሆን ናቸው።

በምናባዊው ክስተት ላይ ቴራፒስቱ አስቀድሞ የሚያነሣው ራስን መጉዳቱን ነው፤ በዚህ ስልት ሕይወትን የሚያሰጋ ባሕርይ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያም «የሰንሰለት ትንተና» ይካሄዳል፦ ከመዘግየቱ እስከ ሌሊቱ ድረስ ምን ታሰበ፣ ምን ተሰማ፣ ምን ተደረገ፣ በየትኛው አንጓ ላይ የትኛው ክህሎት ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይችል ነበር? ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን «ሰው ሲዘገይብሽ መከፋትሽ የሚገባ ነው» የሚለው ማረጋገጫ አይዘለልም።

በ1991 በታተመው የመጀመሪያው በዕጣ የተደለደለ ጥናት 44 ሴቶች የተሳተፉ ሲሆን፣ ለአንድ ዓመት ይህን ሕክምና ያገኙት ከተለመደው ሕክምና ተጠቃሚዎች ይልቅ ራሳቸውን መጉዳታቸው ቀንሷል፣ በሆስፒታል የቆዩባቸው ቀናት አንሰዋል፣ ሕክምናቸውን ማቋረጣቸውም አንሷል። በድባቴና በተስፋ መቁረጥ ረገድ ግን ልዩነት አልታየም። በ2006 በ101 ሴቶች ላይ በታተመው ጥናት ንጽጽሩ ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ሕክምና ጋር ነበር፤ ራስን የማጥፋት ሙከራው በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2015 የታተመው፣ በ99 ሴቶች ላይ የተደረገውና የሕክምናውን ክፍሎች ነጣጥሎ ያየው ጥናት ደግሞ የክህሎት ሥልጠናው ቁልፍ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል።

4.2 በሜንታላይዜሽን ላይ የተመሠረተ ሕክምና

በለንደን አንቶኒ ቤትማንና ፒተር ፎናጊ ያዳበሩት ይህ ስልት መነሻው የእናትና ልጅ ትስስር ምርምር ነው። ሜንታላይዜሽን ማለት የራስንም ሆነ የሌላውን ሰው ድርጊት በውስጡ ካለው ሐሳብ፣ ስሜት፣ ፍላጎትና እምነት አንጻር የመረዳት ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ በሁሉም ሰው ዘንድ በብርቱ ስሜት ጊዜ ይዳከማል፤ በቦርደርላይን ታካሚዎች ዘንድ ግን በተለይ በቅርብ ግንኙነት ውስጥ ቶሎ ይሰወራል። ያን ጊዜ ሐሳብና እውነታ አንድ ይሆናሉ፤ «እንደ ተጠላሁ ይሰማኛል» የሚለው «ተጠልቻለሁ» ይሆናል።

ስለዚህ ቴራፒስቱ ለታካሚዋ ትርጓሜ አይሰጣትም። «ያሰብሽው ስለ አባትሽ ነበር» ቢላት ማሰብ በተሳናት ሰዓት ሌላ ሸክም ይጨምርባታል። በዚህ ፈንታ አለማወቁን ሳይደብቅ በጉጉት ይጠይቃል፦ «እኔ ስዘገይ በእኔ ልብ ውስጥ ምን ያለ መሰለሽ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችል ነበር?» የራሱንም ድርሻ ያምናል፤ መዘግየቱ ያስከተለውን ነገር አላሰበም ነበርና። ግቡ ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ሳይሆን፣ የቆመው ማሰብ እንደገና እንዲጀምር ማድረግ ነው።

በ1999 በታተመው ጥናት 44 ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ ሕክምናውም በቀን ሆስፒታል እስከ 18 ወር የሚቆይ ነበር። በ2008 የታተመው የስምንት ዓመት ክትትል ራስን የማጥፋት ሙከራ በሕክምናው ቡድን 23 በመቶ፣ በንጽጽሩ ቡድን 74 በመቶ መሆኑን፣ የምርመራውን መለኪያ ያሟሉት ደግሞ 13 በመቶ እና 87 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ የታካሚዎቹ ማኅበራዊ ኑሮ ገና እንደ ተጎዳ ነበር። በ2009 በ134 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የታተመው ጥናት በሥርዓት ከተዋቀረ ክሊኒካዊ እንክብካቤ ጋር ሲያነጻጽረው ሁለቱም ቡድኖች መሻሻላቸውን፣ የሜንታላይዜሽኑ ቡድን ግን ፈጥኖ መሻሻሉን ገልጿል።

4.3 በትራንስፈረንስ ላይ ያተኮረ ሳይኮቴራፒ

ይህ ስልት የከርንበርግን ንድፈ ሐሳብ መሠረት በማድረግ ከርንበርግ ራሳቸው፣ ጆን ክላርኪንና ፍራንክ ዮማንስ ያዳበሩት ነው። በዚህ አመለካከት የሕመሙ ሥር መሰንጠቅ ነው፤ ታካሚው ራሱንም ሌላውንም «ፍጹም መልካም» እና «ፍጹም ክፉ» በሚሉ ሁለት የማይገናኙ ምስሎች ከፍሎ ይይዛል። ትላንት አዳኝ የነበረው ቴራፒስት ዛሬ አሳዳጅ የሚሆነው ምስሉ በአንዴ ስለሚገለበጥ ነው።

ሕክምናው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ አስቀድሞም ራስን የመጉዳት ፍላጎት ሲነሣ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ግልጽ ውል ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ዋናው መሣሪያ ትራንስፈረንስ፣ ማለትም የታካሚው የቀድሞ የግንኙነት ምስሎች በቴራፒስቱ ላይ የሚታዩበት ሁኔታ ነው። በክስተቱ ላይ ቴራፒስቱ «በዚያች ሰዓት እኔ ደንታ ቢስ ሰው፣ አንቺም የተጣልሽ ልጅ ሆነን ታየንሽ፤ ተነሥተሽ ስትወጪ ደግሞ የተተውኩት እኔ ሆንኩ» እያለ የሚናዎቹን መለዋወጥ ያሳያታል። በሂደት ሁለቱ ምስሎች ይገናኛሉ፤ የሚዘገይም የሚያስብም አንድ ሰው መኖር እንደሚችል ይታወቃል።

በ2007 በታተመው የ90 ታካሚዎች ጥናት ይህ ስልት ከዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒና ከደጋፊ ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ ሦስቱም ለውጥ አምጥተዋል። በ2010 በጀርመንና በኦስትሪያ በ104 ሴቶች ላይ የታተመው ጥናት ልምድ ካላቸው ሳይኮቴራፒስቶች ሕክምና ጋር ሲያነጻጽረው በማቋረጥም ሆነ ራስን ለማጥፋት በመሞከር ረገድ ብልጫ እንዳለው አሳይቷል፤ ራስን መጉዳት ግን በሁለቱም ቡድኖች አልቀነሰም።

4.4 ስኪማ ቴራፒ

ጄፍሪ ያንግ ያዳበሩት ስኪማ ቴራፒ በልጅነት ያልተሟሉ መሠረታዊ ፍላጎቶች ጸንተው የሚቆዩ የእምነትና የስሜት ቅርጾችን፣ ማለትም ስኪማዎችን ይተዋሉ ይላል። በቦርደርላይን ታካሚ ውስጥ እየተፈራረቁ የሚገዙ ሁኔታዎች ይታያሉ፦ የተተወው ልጅ፣ የተቆጣው ልጅ፣ ቀጪው ወላጅ፣ ስሜትን ዘግቶ የሚሸሸው ጠባቂ፤ በመካከላቸውም ገና ያልጠነከረ ጤናማ አዋቂ አለ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የታካሚዋ ዝምታ የጠባቂው፣ ንግግሯ የተቆጣው ልጅ፣ ራሷን መጉዳቷ የቀጪው ወላጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ቴራፒስቱ ሙያዊ ወሰኑን ሳያልፍ የወላጅነት ጉድለትን በከፊል የሚሞላ ሙቀት ይሰጣል፤ ባዶ ወንበር ላይ ቀጪውን ድምፅ አስቀምጦ ይሞግተዋል፤ የልጅነት ትዝታንም በምናብ ከፍቶ በዚያ ውስጥ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ያስገባል።

በ2006 በታተመው የሦስት ዓመት የኔዘርላንድስ ጥናት ስኪማ ቴራፒ ካገኙት ወደ 45 በመቶ፣ በትራንስፈረንስ ላይ ያተኮረውን ካገኙት ወደ 24 በመቶ የሚሆኑት አገግመዋል፤ የኋለኛው ስልት ደጋፊዎች ግን ሕክምናቸው በትክክል እንዳልተሰጠ ተከራክረዋል። በ2022 በአምስት አገሮች በ495 ታካሚዎች ላይ የታተመው ጥናት የግልና የቡድን ስኪማ ቴራፒን ማጣመር ከተለመደው ሕክምናም፣ በቡድን ላይ ካተኮረውም የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል።

5. ማስረጃው በድምር ምን ይላል?

በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 75 ጥናቶችንና 4,507 ተሳታፊዎችን አጠቃልሏል። ሳይኮቴራፒ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር የሕመሙን ክብደት በመካከለኛ መጠን እንደሚቀንስ ደምድሟል። በአንጻሩ ለዚህ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ የብሪታንያው የ2009 ብሔራዊ መመሪያም መድኃኒት ለሕመሙ በተለይ እንዳይታዘዝ፣ ከሦስት ወር ያነሰ ሳይኮቴራፒም እንዳይሰጥ ይመክራል።

ከሁሉ ይበልጥ አሳሳቢ ጥያቄ ያስነሣው በ2009 የታተመው የካናዳ ጥናት ነው። በ180 ታካሚዎች ላይ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ በጋንደርሰን ሐሳብ ላይ ከተመሠረተ አጠቃላይ የሥነ አእምሮ እንክብካቤ ጋር ለአንድ ዓመት ተነጻጸረ። ሁለቱም ቡድኖች በእጅጉ ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በደንብ የተዋቀረ ተራ ሕክምና ከታወቀው ልዩ ሕክምና ጋር ተካከለ ማለት ነው።

እነዚህን ውጤቶች ሲያነብቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሴቶችና የሀብታም አገሮች ነዋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥናቶች የተመሩት በስልቶቹ መሥራቾች ነው፤ «የተለመደ ሕክምና» የሚባለውም ከአገር አገር ይለያያል። የሕመሙ የተፈጥሮ ጉዞም መታሰብ አለበት። ሜሪ ዛናሪኒና ባልደረቦቻቸው 290 ታካሚዎችን ተከታትለው በአሥረኛው ዓመት 93 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለሁለት ዓመት የጸና የምልክት መርገብ ማግኘታቸውን፣ ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን ጨምሮ ሙሉ ማገገም የደረሱት ግን 50 በመቶ መሆናቸውን በ2010 አስታውቀዋል። «አይድኑም» የሚለው አባባል ሐሰት ነው፤ ምልክት መርገቡ ግን ኑሮ ከመቃናቱ ጋር አንድ አይደለም።

6. የጋራ መሠረትና ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ምናባዊውን ክስተት እንደገና ስንመለከት አራቱም ቴራፒስቶች በተለያየ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸው ይስተዋላል። ማንም አልሸሸም፤ ማንም አልተቆጣም፤ ማንም በዝምታ አላለፈውም። አራቱም ለታካሚዋም ለራሳቸውም የሚገባ አንድ ወጥ ማብራሪያ አላቸው፤ አራቱም ለአደጋ ጊዜ አስቀድሞ የተስማሙበት ዕቅድ አላቸው፤ አራቱም ንቁ ተሳታፊ ናቸው፤ አራቱም ስሜትን ከድርጊት፣ ድርጊትን ከግንኙነት ጋር ያያይዛሉ፤ አራቱም ከባልደረባ ጋር የሚመካከሩበት ሥርዓት አላቸው። የካናዳው ጥናት ውጤት በዚህ ይብራራል፤ አጠቃላዩ እንክብካቤም እነዚህኑ ባሕርያት አሟልቶ ነበርና።

ይህ ግኝት እንደ ኢትዮጵያ ላሉ፣ ልዩ ሥልጠና ያላቸው ሳይኮቴራፒስቶች ጥቂት ለሆኑባቸው አገሮች ትልቅ ትርጉም አለው። በአገሪቱ የአእምሮ ጤናን ከመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጋር ለማቀናጀት የተሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ራስን ስለ መጉዳትና ራስን ስለ ማጥፋት ምዕራፍ አለው፤ ስለ ስብዕና መታወክ ግን የለውም። ስለዚህ ታካሚዋ በአደጋ ጊዜ ታክማ ትወጣለች፤ ከአደጋው በስተጀርባ ያለው ሕመም ግን ስም ሳያገኝ ይቀራል። በማኅበረሰቡ ዘንድም ችግሩ ከሕመም ይልቅ እንደ ጠባይ ይታያል፤ «አመል ያወጣል ከመሐል» እንደሚባለው «አመለኛ» የተባለ ሰው ከመሐል የሚወጣው በራሱ ጥፋት እንደሆነ ይታሰባል። ብዙ ቤተሰቦች አስቀድመው ወደ ጸበልና ወደ ሃይማኖት አባቶች ይሄዳሉ። ቤተሰቡ በዚህ ሁሉ ከታካሚው ጎን መቆሙ ለሕክምናው ሊያግዝ የሚችል ትልቅ ሀብት ነው፤ ስሜቱን የሚያጣጥል ከሆነ ግን ሊነሃን ከገለጹት አካባቢ አይለይም። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሰጥ ትምህርት የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

ሙሉውን የዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ መዋቅር ወይም በሳምንት ሁለት ቀጠሮ የሚጠይቅ የሦስት ዓመት ሕክምናን በየሆስፒታሉ ማቋቋም በቅርብ ጊዜ የሚቻል አይደለም። የሚቻለው ግን ጥቂት አይደለም፦ ምርመራውን ለታካሚውና ለቤተሰቡ በግልጽ ማስረዳት፣ ቋሚ ቀጠሮና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ መመደብ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድን በጽሑፍ መስማማት፣ የክህሎት ሥልጠናን በቡድን መስጠት፣ ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚመካከሩበትን ሰዓት መጠበቅ። በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የክህሎት ሥልጠና ጽሑፎችን ማዘጋጀትና ውጤታቸውን መመዘን ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን ርእሰ ጉዳይ ነው።

7. ማጠቃለያ

ቦርደርላይን የስብዕና መታወክ ሊታከም የሚችል ሕመም መሆኑን በሠላሳ ዓመታት ውስጥ የተሰበሰበው ማስረጃ ያረጋግጣል። ከአራቱ ስልቶች አንዱ በሌሎቹ ላይ የጸና የበላይነት አላሳየም፤ ሁሉም ግን በዘፈቀደ ከሚሰጥ ሕክምና ይሻላሉ። «የትኛው ስልት ያሸንፋል?» የሚለው ጥያቄ «ለየትኛው ታካሚ፣ በየትኛው ደረጃ፣ በምን ያህል አቅም?» በሚል ጥያቄ እየተተካ ነው። እስከዚያው ድረስ ማስረጃው የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ከማንኛውም ባለሙያ አቅም በላይ አይደለም፤ ታካሚው ሲቆጣም ሲሸሽም ሐኪሙ በቀጠሮው ሰዓት፣ በጠራ ዕቅድ፣ በስፍራው መገኘት ነው።